ቤቱ ሲያልቅ እንስቃለን እያልኩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተጋባን 16 ዓመት ሆነን፤ ሦስት ልጆች አሉን። ባለፈው ሰሞን አንድ ገና ያገባ ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ስለካው ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ትዳር ውስጥ ደስታ ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ። ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በአንድ አፍ የሚመለስ አይደለም። ሱሪውን አሳጥሬ ሰጠሁት፤ ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ። እሱን ለመሰሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

በ2010 ዓ.ም. በማኅበር ተደራጅተን የቤት መሥሪያ ቦታ አገኘን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አፌ ላይ ተተከለ፤ «ቤቱ ሲያልቅ»። ባለቤቴ «ልጆቹን ይዘን እናትህን እንጠይቅ» ስትለኝ፣ ቤቱ ሲያልቅ። ትልቁ ልጄ «አባዬ፣ ኳስ አብረን እንይ» ሲለኝ፣ ቤቱ ሲያልቅ። የጽዋ ማኅበሬን መቅረት ጀመርኩ። ቀጥሎ እሑድ ቅዳሴን ተውኩ። በሰንበት ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ እሰፋ ነበር። ለመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም፣ ለጥምቀት የጎጃም አዘነ የሚባለው ልብስ፣ ለፋሲካ የሀገር ልብስ፤ ትእዛዝ ሞልቶ ነበር። «ለልጆቼ ነው፣ እሱ ያውቃል» እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር።

ማታ ሦስት ሰዓት እገባለሁ። ልጆቹ ተኝተዋል። እራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ብቻዬን እየበላሁ ስልኬ ላይ የሲሚንቶ ዋጋ አያለሁ። ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለደንበኛም፣ ለጎረቤትም ቀኑን ሙሉ የምለው እሱኑ ነው። ምን እንዳልኩ ግን አልሰማውም ነበር።

መሠረቱ ወጣ። ከዚያ ግምበኛው 60 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሎኝ ጠፋ። ስልኩ አይሠራም፤ ሰፈሩ ስሄድ ለቋል። ያ ብር የሁለት ዓመት ቁጠባችን ነበር። ከዚያ ወዲህ መራራ ሰው ሆንኩ። ብርጭቆ ሲወድቅ እጮሃለሁ። ልጆቹ የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ይህን አሁን ስጽፈው ያመኛል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ላይ ነው። ፍልሰታ እንደምታውቁት የልጆች ጾም ነው፤ ሕፃናት ተሽቀዳድመው ይጾሙታል። ያን ቀን መብራት ጠፋና ቀደም ብዬ ገባሁ። ዝናብ ስለነበር ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። ባለቤቴና ልጆቹ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ። መካከለኛዋ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ የራሷን ጨመረች፤ «እመቤቴ፣ ቤታችንን ቶሎ ጨርሺልን። አባዬ እንዲስቅ።»

ጭቃ የያዘው ጫማ እጄ ላይ ነው። መግባት አቃተኝ። ደጅ ቆሜ አለቀስኩ።

በሳምንቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ዓመት ርቄያቸው ነበር። ቅኔ ዋሸራ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው ጥቂት ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቤቱን፣ የግምበኛውን፣ የሰንበቱን፣ የልጅቱን ጸሎት።

«ሚስትህና ልጆችህ የት ይኖራሉ?» አሉኝ።

«ኪራይ ቤት፣ አባ።»

«አንተስ?»

«እዚያው ነዋ፣ አባ።»

«አይደለም፣ ልጄ። አንተ የምትኖረው ያላለቀው ቤት ውስጥ ነው። እነሱ ኪራይ ቤት ብቻቸውን ናቸው።»

ቀጥለው ስለ ጸሎተ አኮቴት፣ ስለ ምስጋናው ጸሎት፣ ጠየቁኝ። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እሳቸው ግን አንዲት ሐረግ ላይ ቆሙ፤ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፤ እስከዚህችም ሰዓት አደረሰን። «ጸሎቱ የሚያመሰግነው ስለ ሰዓቷ ነው። ቤት አለቀ፣ ዕዳ ተከፈለ አይልም። አንተ ግን ‘ዛቲ ሰዓት’ን ስትሻገራት አራት ዓመት ሆነህ» አሉኝ።

የንስሐ ቀኖናዬ ስግደት ይሆናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ። 40 ቀን ከማታው አንድ ሰዓት በፊት ቤት ግባ። ከቤተሰብህ ጋር ጸልይ። ከአንድ ገበታ ብላ። ሳትተኛ በፊት በዕለቱ የተደረገልህን አንድ ነገር ጥራ። ገንዘብህን የወሰደውን ሰው ደግሞ በስሙ እየጠራህ ጸልይለት። የመጨረሻው አናደደኝ። አልደበቅኳቸውም። «ከፈለግክ እየተናደድክ ጸልይለት፤ ብቻ አትተወው» አሉ።

ሱቅ በጊዜ መዝጋት ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ትእዛዝ አመለጠኝ። በሁለተኛው ደንበኞቼ ለመዱት፤ ልብሳቸውን በጊዜ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ስሌቱን ኋላ ሠራሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምሰፋው ሥራ ደክሞኝ ስለሆነ ግማሹን በማግሥቱ እተረትረው ነበር። ለካ ያን ያህል አላተረፈኝም።

ቤት ውስጥም ተሳሳትኩ። እልኸኛ ነኝና መጀመሪያ ጸሎቱን አበዛሁት። ውዳሴ ማርያም፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሌላም ጨማምሬ አንድ ሰዓት አቆማቸው ነበር። ትንሹ ቆሞ ይተኛል። ትልቁ ልጄ ፊቱን ያጠቁራል። ባለቤቴ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ «ቁጣህን በጸሎት ቀየርከው እንጂ ያው ቁጣ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። አሁን ጸሎታችን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ንባቡን ልጆቹ በየተራ ነው የሚያነቡት። ከሱ በላይ መጸለይ የፈለገ ሌሊት ይነሣል። ልጅ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህንን ነው፤ አሳጥሩት፣ ግን አታስቀሩት። ልጆች የሚይዙት ርዝመቱን ሳይሆን አለመቅረቱን ነው።

ስልኬ ሥዕለ አድኅኖው ሥር ካለው መሳቢያ ይገባል። እስክንተኛ አይወጣም።

ከጸሎት በኋላ እራት ነው። ከእራት በኋላ «የዛሬው» የምንለው አለ። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቀን እግዚአብሔርን ያመሰገነበትን አንድ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን ትንንሾቹ «ዳቦ» ይላሉ። በማግሥቱም «ዳቦ»። እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር፤ «ጤና» ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ «ጤና አይቆጠርም፤ የዛሬውን ነው የምንለው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቀን ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ማታ የምናገረው እንዳላጣ ብዬ ነው የጀመርኩት። ወንበር ስቤ ያስቀመጥኳቸው እናት መርቀውኛል። የጠፋብኝ መቀስ ተገኝቷል። ዝናቡ ልክ ስገባ ነው የጀመረው። እነዚህ ነገሮች ድሮም ነበሩ። ያላየኋቸው ዓይኔ ሲሚንቶ ላይ ብቻ ስለነበር ነው።

ትልቁ ልጄ ሁለት ወር ሙሉ «እለፉኝ» ነበር የሚለው። አላስገደድኩትም፤ እሱን ማስገደድ አያዋጣም። አንድ ማታ ግን ምግቡን እያየ «ዛሬ አባዬ ትምህርት ቤት መጥቶ ስለጠበቀኝ» አለ። ለካ በዚያ በኩል ክር ልገዛ ስሄድ አስቤም ሳይሆን ቆሜ ጠብቄው ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ክር የምገዛው ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት ሰባት ጊዜያት ሠርታለች። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊትም «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለው ነው። ለምን ሰዓት እንደተቆረጠለት ድሮ አይገባኝም ነበር። አሁን ሲመስለኝ ሰው ሰዓት ያልቆረጠለትን ነገር ይተወዋል። እኔ ለቤቱ ሥራ ሰዓት ነበረኝ፤ ለልብስ ስፌት መኪናዬ ዘይት እንኳ ቀን ነበረኝ። ለሚስቴ ግን አልነበረኝም።

ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ። በ40ው ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፈላችና «አሁን ልናገር» አለች። የመጨረሻውን ልጅ ስትወልድ እኔ ሲሚንቶ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ደርሼ ያየሁት ተወልዶ ታቅፋው ነው። ያኔ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ አልፌዋለሁ። እሷ ግን ይዛው ኖራለች። አንድም ቃል አልመለስኩም። ተነሥቼ ጉልበቷን ይዤ «ይቅር በይኝ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔም ይቅር እልሃለሁ፤ ግን ጊዜ ስጠኝ» አለች። ጊዜ ፈጀባት። ወራት ነው የፈጀባት። ይቅርታ በአንድ ሌሊት አለቀ የሚል ምክር ስሰማ አሁን አላምንም።

ሐዋርያው «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል። እኛ ቤት ይህ ሥርዓት ሆኗል። ተጣልተን ከሆነ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት የበደለው ይናገራል። ልጅም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን። ልጆቹ ፊት እሷን ይቅርታ ስጠይቅ መጀመሪያ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ግን አላፈሩብኝም። ትልቁ ልጅ እህቱን መትቶ ራሱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያለውን ቀን አስታውሳለሁ። ከዚያ በፊት ብሎት አያውቅም።

በታኅሣሥ እናቴ መጣች። ከስናን፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነች። ገብስና ድንች ነው ኑሯቸው። ውርጭ ማሳውን አቃጥሎ ባዶ እጇን የቀረችበትን ዓመት አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ቀብራለች። ጠዋት በሩን ከፍታ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ምሥራቅ አየችና «ተመስገን፣ አነጋኸው» አለች። ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያን ቀን ጠየቅኳት።

«እማ፣ ገና አፍሽ ሳይፈታ ለምኑ ነው የምታመሰግኚው?»

«ለመንጋቱ ነዋ! ማን ገዝቶት?» አለችኝ፤ በጣም ተገርማብኝ።

ቁርስ ላይ «የዛሬው»ን አስረዳናት። የልጅ ልጇ «አያቴ፣ አንቺስ?» ስትላት እናቴ መዘርዘር ጀመረች። አላቆመችም። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ 40 ቀን ታግዬ የደረስኩበትን እሷ በሕይወቷ ሙሉ ስትኖረው ነበር። ስሟን የማታውቀውን የልብስ መኪናዬን ሳይቀር ጠቀሰችው፤ «ያቺ ልጄን ያበላች ብረት» ብላ።

ጽዋ ማኅበራችን የመድኃኔዓለም ነው፤ በየወሩ በ27። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን። ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ይደርሰዋል። ዳቦ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህን ይባርካል፣ ከዚያ የሁሉም ኑሮ ይጠያየቃል። እኔ ቀርቼ ስለነበር ስመለስ ፈርቼ ነው። ማንም «የት ነበርክ?» አላለኝም። በሚያዝያ 2015 ተራው የእኔ ነበር። ጠባቧ ኪራይ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ «ቦታህ ምን ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብሎኬት ካልሆነ ብለህ ነው እንዴ ልጆች በኪራይ የሚያድጉት?» አሉ። እውነት ነው፤ ከብሎኬት በታች ማሰብ ውርደት መስሎኝ ነበር።

በዓል ያልሆነ ቀን ተፈልጎ ማክሰኞ ደቦ ተወጣ። አንዱ የባሕር ዛፍ አጠና አመጣ። ሌላው ሚስማር። የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ ቀደም ብሎ ተቦክቶ ነበር። ሴቶቹ ንፍሮና ጠላ አቀረቡ። እኔ በበኩሌ ለማኅበሩ ልጆች የበዓል ልብስ ሰፋሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ከቦታው ኋላ በኩል ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ቆመ። ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ተመታና ገባን። ትልቁ ቤት ዛሬም መሠረት ላይ ነው። ባለቤቴ መሠረቱ መሐል ጎመን ተክላበታለች፤ ጥሩ ይይዛል።

በ2016 መንገድ በተዘጋጋ ሰሞን ሱቄ ለሳምንታት ተዘጋ። ያ ጊዜ ደስ የሚል ነበር አልልም። ፈርተን ያደርንበት ሌሊት አለ። ሽሮ ብቻ የበላንበትም አለ። ግን አንድ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ራሳቸው ይሰበሰቡ ነበር። «የዛሬው» አልቀረም። አንድ ማታ ማንም የሚለው አጥቶ ዝም አልን፤ ባለቤቴ «አለን» አለች። እሱን ይዘን ተኛን።

ግምበኛውን እስካሁን አላየሁትም። ብሩም አልተመለሰም። ስሙን ግን ዛሬም እጠራዋለሁ። መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነበር። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን «ልጆች ይኖሩት ይሆን?» ብዬ ራሴን አገኘሁት። ጨጓራዬ ማቃጠሉን የተወው በዚያው ሰሞን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። የባለቤቴ እህት ከወለደች በኋላ ኀዘን ያዛት። ልጇን ማቀፍ አቃታት። ማመስገንና ደስታ ብንላት ይብስባታል። የንስሐ አባታችን ራሳቸው ናቸው «ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ሐኪም ዘንድም ትሂድ» ያሉት። ሁለቱንም አደረገች፤ ዳነች። ቤታችሁ ውስጥ እንቅልፍና ምግብ የጠፋው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ «ጸሎት አንሶህ ነው» አትበሉት። ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባልሽ ወይም ሚስትህ አብረው ካልጸለዩስ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። እኛ ቤት አራት ዓመት ያልጸለይኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ አልነዘነዘችኝም። ልጆቹን ይዛ በየማታው ትቆም ነበር፤ ራቴንም ትከድን ነበር። በሩ ላይ ጫማዬን ይዤ የቆምኩት እሷ ስላላቋረጠች ነው።

ባለፈው ሐሙስ ገና 12 ሰዓት ሳይሆን መብራት ጠፋ። መኪናዬ በኤሌክትሪክ ነውና ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ጧፍ ለኩሰን ተቀመጥን። ያን ቀን «የዛሬው» ከጸሎት ቀድሞ ተጀመረ፤ ያቺ መካከለኛዋ ልጄ ነች የጀመረችው፤ አሁን አድጋለች።

«የዛሬው» አለች፣ «መብራት ስለጠፋ።»

«ለምን?» አላት ትንሹ።

«አባዬ በጊዜ ገባ።»

ባለቤቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የንባቡ ተራም የእሷ ነበር። ጧፉን አስጠጋሁላትና መጽሐፉን ከፈተች። የሐሙሱ ውዳሴ ማርያም ነው፤ «ዕፅ እንተ ርእየ ሙሴ» ብላ ጀመረች።